ቅሬታ፦ በስልክ ተሰጥቶን ስለተካደው 16 ቀን

ለኦርደር ክትትል ክፍል እና ለድርጅቱ የበላይ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ይሄን የምጽፈው ትናንት የላካችሁት ዴቢት ኖት (ከክፍያችን የምትቀንሱትን የሚገልጽ ወረቀት) ስለደረሰኝ ነው። የኦርደሩን ታሪክ ከስር መሰረቱ አላወራም፣ ፋይሉ እናንተው ጋ አለ፣ ለምትወክሉት ብራንድ የሰፋነው 18,000 ፍሬ ፖሎ ሸሚዝ፣ ታውቁታላችሁ። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40። ጁላይ 28 መግባት የነበረበት ጨርቅ አልገባም፣ እኔ ካቲንግ ክፍል ቆሜያለሁ፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው፣ ቆራጮቹ መቀሳቸውን አስቀምጠው ቁጭ ብለዋል። የኦርደር ክትትል ኃላፊያችሁ ደወሉ። እኔ አልደወልኩም፣ እሳቸው ናቸው የደወሉት። "እባክዎ አይጨነቁ፣ የጨርቁ መዘግየት የኛ ጉዳይ ነው፣ የዘገየው ቀን በሙሉ መጫኛ ቀኑ ላይ ይጨመርላችኋል" አሉኝ። "በሙሉ?" ብዬ ደግሜ ጠየቅኩ። "በሙሉ" አሉኝ። እዛው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የማርከር ወረቀት (የጨርቁ መቁረጫ ንድፍ) ጠርዝ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያሉኝን ጻፍኩ፣ ወረቀቱ አሁንም አለ፣ ፎቶውን አያይዤላችኋለሁ። ጨርቁ ኦገስት 13 ገባ፣ 16 ቀን ዘግይቶ ማለት ነው። ስለዚህ ሴፕቴምበር 10 የነበረው መጫኛ ቀን ሴፕቴምበር 26 ይሆናል። ሒሳቡ ይሄ ብቻ ነው።

እኔም ዝም አላልኩም፣ የዛኑ ዕለት ማታ "በስልክ በተነጋገርነው መሰረት" ብዬ ኢሜይል ላኩ፣ ጨርቁ የገባ ቀን ደግሜ ላኩ፣ ከሳምንት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ላኩ። መልስ የመጣው ለሁለተኛው ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ቃል፣ "ደርሶናል"። የተስተካከለ የኦርደር ወረቀት ላኩልን ብዬ ስወተውት ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልኩ። ግን ደግሞ ኃላፊው ራሳቸው ደውለው የተናገሩት ነገር ስለሆነ አመንኩ፣ ላይኖቹን (የስፌት መስመሮቹን) በሴፕቴምበር 26 ሒሳብ አቀድኩ።

ጨርቁን ያዘገየው እኛ የመረጥነው የጨርቅ ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ጥፋቴን ተቀብዬ ዝም እል ነበር። ፋብሪካውን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ ዋጋውን የተደራደራችሁትም፣ ቀለሙን ያጸደቃችሁትም እናንተ ናችሁ፣ እኛ በራሳችን ኤልሲ (በባንክ የሚከፈት የክፍያ ዋስትና) ከፍለን ከሱ እንድንገዛ ብቻ ነው የተነገረን። የኦርደሩ ወረቀት ኤፍኦቢ (ጨርቁን ገዝቶ ልብሱ እስኪጫን ያለው ወጪ የሰፊው ነው) ስለሚል የጨርቁ ኃላፊነት እኛ ላይ ነው ትሉናላችሁ፣ ግን ከሌላ ልግዛ ብል አትፈቅዱልኝም። እንደኛ ልብስ እየሰፉ የሚልኩ ታዳጊ አገሮች አብዛኞቹ ጨርቁን ወይም ጥጡን ከውጭ ነው የሚያስገቡት፣ ባንግላዴሽ እንኳን በልብስ ኤክስፖርት ስሟ ከፊት እየተጠራ ጥጧን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ ነው የምታመጣው፣ ጨርቅ ሲዘገይ ከጎረቤት ተበድረን የምንቆርጠው ነገር የለም። ላይኑ ይቆማል፣ ደሞዙ ግን አይቆምም፣ የባንክ ወለዱም አይቆምም።

አሁን ወደ ሴፕቴምበር 8 ልምጣ። ሰኞ ጠዋት ሳይነገረን የናንተ ኢንስፔክተር በር ላይ ተገኘ፣ የመጨረሻ ኢንስፔክሽን ሊሰራ፣ ለሴፕቴምበር 10 መጫኛ! ገና 11,400 ፍሬ ነው ካርቶን የገባው። ኢንስፔክሽን ለማድረግ ልብሱ በሙሉ አልቆ ቢያንስ 80 ፐርሰንቱ መታሸግ አለበት፣ 14,400 ማለት ነው። ልጁ ካርቶን ቆጠረ፣ "ፌል" ብሎ ጻፈ፣ ወጣ። አንድ ሸሚዝ እንኳን አልገለጠም። ቀኑ ተቀይሯል፣ አለቃህን ጠይቅ ብዬ ለመንኩት፣ እኔ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ 10 ነው የሚለው አለኝ፣ እሱ ምን ያድርግ።

ወዲያው ኃላፊው ጋ ደወልኩ። እጄ በካርቶን አቧራ ስለተበከለ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ኦገስት 5 ያሉኝን አስታወስኳቸው። "እኔ እንደዛ አላልኩም" አሉ። ቀኑንና ሰዓቱን ነገርኳቸው። "ስሚ፣ ስልክ ላይ የተባለ ነገር ሥራ ላይ አይቆጠርም፣ ሌሊትም ቢሆን አሰሪና በ10 አስጭኚ፣ ካልቻልሽ መስራት የሚፈልግ ፋብሪካ ሞልቷል" አሉኝና ዘጉት።

ስሚ። 6 ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ሲሉኝ የነበሩ ሰው ናቸው። ልክ ያወሩት ነገር ሲጠየቅ "አንቺ" ሆንኩ። የላይን ሱፐርቫይዘሯና ሁለት የኳሊቲ ልጆች አጠገቤ ቆመው በስፒከሩ ሰምተዋል። ሱፐርቫይዘሯ ምንም አላለችም፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ላይኗ ተመለሰች። እኔ እነዚህን ልጆች "ደንበኞቻችን ያከብሩናል፣ እኛም ሥራችንን እናክብር" እያልኩ ነው የማሰራቸው፣ በምን አፌ ነው ከዚህ በኋላ ይሄን የምላቸው?

ፋብሪካ መሙላቱን እናውቃለን። አንድ አገር የሚልከውን ልብስ መጠን ይገድብ የነበረው ኮታ በ2005 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከተነሳ ወዲህ ገዢ ከፈለገበት አገር ያዝዛል፣ በየሲዝኑ ዋጋ ቀንሱ ስትሉን እያመመን የምንቀንሰው ለዚሁ ነው። ይሄን ለማስታወስ ሰው መዝለፍ አያስፈልግም ነበር።

"ሌሊትም ቢሆን አሰሪ" ያሉትን ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የናንተው የሥነ ምግባር ደንብ መግቢያችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ከትርፍ ሰዓት ጋር በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ አይሰራም ይላል፣ ኦዲተራችሁ መጥቶ የአንዲት ልጅ የሰዓት ካርድ ላይ 61 ካገኘ የኦዲት ውጤታችን ቀይ ይሆናል። ይሄ ደንብ እንዲሁ የመጣ አይደለም፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባለው የልብስ ፋብሪካዎች ህንፃ ሲደረመስ 1,134 ሰው ነው የሞተው፣ ስንጥቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቷል፣ ታች የነበረው ባንክ ሰራተኞቹን ሲያስወጣ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ኦዲት የጠነከረው ከዛ ወዲህ ነው፣ መጠንከሩ ደግሞ ትክክል ነው፣ እኔም ከሰራተኞቼ ጋር እዛው ህንፃ ውስጥ ነው የምውለው። ግን የናንተ አንዱ ክፍል 60 ሰዓት ሲል ሌላው ክፍል ሌሊት አሰሩ ካለ እኛ ማንን እንስማ? እኔ 60ኛው ሰዓት ላይ መብራት አጥፍቼ ወደ ቤታቸው ልኬያቸዋለሁ፣ ወደፊትም እንደዛው ነው የማደርገው።

ከዛ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ መርከቡ አመለጠ፣ በአውሮፕላን በራሳችሁ ወጪ ላኩ ተባልን፣ ኦርደሩ እንዳይሰረዝ ብለን ሴፕቴምበር 19 ላክን። ሁለተኛው ኢንስፔክሽን ላይ 315 ፍሬ ተመዝዞ እስከ 14 ስህተት ይፈቀድ ነበር፣ የተገኘው 6 ነው። ሴፕቴምበር 22 መጋዘናችሁ ገባ። እስቲ አስቡት፣ መርከቡ በ10 ቢወጣ እንኳን ዕቃው እናንተ ጋ የሚደርሰው ከወር በኋላ ነበር፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ብዙ መርከቦች ቀይ ባህርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ እየዞሩ ከ10 ቀን በላይ እንደሚጨምሩ እኮ ለኛ ማስጠንቀቂያ የላካችሁት እናንተው ናችሁ። ዕቃው በኛ ገንዘብ ከቀኑ ቀድሞ ደረሰላችሁ። ትናንት የመጣው ዴቢት ኖት ግን "በመዘግየት ምክንያት 5 ፐርሰንት ተቀናሽ" ይላል። የቱ ነው የዘገየው? የአውሮፕላኑ ክፍያ ብቻውን የ18,000 ሸሚዝ የስፌት ገቢያችንን ጠቅልሎ በልቶታል፣ አሁን 5 ፐርሰንቱ ከየት እንዲመጣ ነው?

ትናንት ከሰዓት ሒሳብ ክፍል ደወልኩ፣ ኦርደር ክትትልን ጠይቂ አሉኝ። ኦርደር ክትትል ትራንስፖርት ክፍል ነው የሚያውቀው አሉ፣ ትራንስፖርት ክፍል መልሶ ሒሳብ ክፍል ላከኝ።

ከጀመርኩ አይቀር ሌላውንም ልናገር፣ እስከዛሬ ለሥራው ስል ውጬው ነበር። የዚሁ ኦርደር ኮሌታ ከገላው ጨርቅ ጋር አንድ ሰማያዊ አይደለም። አምፖል ስር አንድ ይመስላል፣ መስኮት ጋ ሲወሰድ ግን ኮሌታው ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ያየችው አንዲት ኮሌታ የምትገጥም ልጅ ናት፣ ሥራዋን አቁማ ይዛልኝ መጣች። ፎቶ ልከን "ቀጥሉ" የምትል አንዲት ቃል ለማግኘት 4 ቀን ጠበቅን፣ ሁለት ላይን ለ4 ቀን ቆመ፣ ያውም አዲስ ሞዴል ስለሆነ የመጀመሪያው ቀን ከአንድ ላይን 140 ፍሬ ነበር የወጣው፣ ገና እጃቸው ለምዶ 500 እየተጠጋ ሳለ ነው የቆመው፣ ሲቀጥሉ እንደገና ወረዱ። ይሄ 4 ቀንም ከኛ ላይ ነው የተቆጠረው።

ከዛ በፊት በነበረው ኦርደር የቀለም ሳምፕል ለማጽደቅ 5 ሳምንት ወሰዳችሁ፣ የመጫኛው ቀን ግን አንድ ቀን አልተነቃነቀም። 3,000 ፍሬ ከተሰፋ በኋላ ሌብሉ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ይሂድ ተባለ፣ ፈትተን ሰፋን፣ የፈታንበትን ማንም አልከፈለንም። ክፍያ በ90 ቀን ነው ብለን ተፈራርመን ያለፉት ሁለት ጊዜያት በ120 ነው የገባው፣ ስንጠይቅ "ሲስተም" ነው የሚባለው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲመጣ በዓለም ላይ ብዙ ገዢ የተሰፋውን ልብስ ሳይቀር አልቀበልም ሲል የናንተም "ይቆይ" ተብሎ 7 ወር ስቶራችን ውስጥ ተደርድሮ ተቀመጠ፣ አንድም ቀን የማከማቻ ብላችሁ አልሰጣችሁንም፣ እኛም አልጠየቅንም፣ ጊዜው ለሁሉም ከባድ ነው ብለን ነው። ያን ጊዜ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር አንቀበልም ብንል ኖሮ ምን ትሉን ነበር?

ደብዳቤውን ስጀምር ልጠይቅ ያሰብኩት ይቅርታና የ5 ፐርሰንቱን መሰረዝ ብቻ ነበር። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ሳየው ይሄ አይበቃም። 5 ፐርሰንቱ ሙሉ በሙሉ ይሰረዝልን። የአውሮፕላን ጭነቱን ግማሽ ተካፈሉን ልል ነበር፣ ግን ለምን ግማሽ? ጨርቁን ያዘገየው የናንተ ምርጫ፣ ቀኑን የካደው የናንተ ሰው፣ ስለዚህ ሙሉውን መልሱልን። ኃላፊው በጽሁፍ ይቅርታ ይጠይቁ፣ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሱፐርቫይዘሯና ለነዛ ልጆችም፣ የሰሙት እነሱም ናቸውና፣ የኛን ኦርደርም ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ይከታተልልን። ከእንግዲህ ደግሞ በቀን ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ በ2 ቀን ውስጥ በተስተካከለ የኦርደር ወረቀት ይላክልን፣ "ደርሶናል" የሚል መልስ አንቀበልም።

ይሄ እስኪሆን ድረስ የሚቀጥለውን ኦርደር አንቆርጥም። ጨርቁ ባለፈው ሐሙስ ገብቷል፣ ስቶር ውስጥ ነው፣ አንድም ሮል አልተፈታም። ሰራተኞቼን ይዤ ሥራ ማቆም ቀላል ሆኖልኝ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፣ ግን እንዲህ እየሰራሁ ደሞዛቸውን መክፈል የማልችልበት ቀን ይመጣል። በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ካልመለሳችሁልኝ የምትወክሉት ብራንድ ጋ በቀጥታ እጽፋለሁ፣ የስልኩን ዝርዝር፣ ሦስቱን ኢሜይሎች፣ የማርከር ወረቀቱን ፎቶና የሴፕቴምበር 22 የመጋዘን ደረሰኙን አያይዤ።

መልሳችሁን በጽሁፍ እጠብቃለሁ፣ በስልክ ከሆነ አላነሳም።

ከአክብሮት ጋር
የጋርመንት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ