ቀዩ ብርድ ልብስ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን ስጽፍልሽ እያፈርኩ ነው። መጀመሪያ ሥራ ወጥሮኝ ነበር፣ ከዚያ ግን ዝምታው ራሱ አፌን ያዘው።

ባለፈው ወር ከሎስ አንጀለስ ተነስቼ ሜክሲኮ፣ ዋሃካ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብላ ቴኦቲትላን ዴል ቫዬ የምትባል የሳፖቴክ ሕዝብ መንደር አለች፣ የሸማኔ አገር። ድሮ ድሩን ወገባቸው ላይ አስረው ጥጥ ነበር የሚሸምኑት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔኖች በግና በእግር የሚረገጠውን የሽመና ዕቃ ሲያመጡ ወደ ሱፍ ዞሩ። ጥለቱ ግን የራሳቸው ነው፤ ሚትላ በሚባለው ጥንታዊ ቦታ ግድግዳው ላይ በድንጋይ የተሠራውን ጥምዝምዝና ደረጃ ደረጃ ቅርጽ ቁጭ አድርገው በሱፍ ያወጡታል።

አንቺ ትዝ ያልሽኝ ቀለሙ ጋ ስደርስ ነው። ቀዩ የሚወጣው በለስ ላይ ከምትኖር ሚጢጢ ተባይ ነው። ኮቺኒል! አዎ፣ ራያ የእናንተን ጓሮ በለስ የጨረሰችው እሷው ናት። ወደ ትግራይም ያስገቧት ለዚሁ ቀለም ብለው ነበር፣ ከእጃቸው አመለጠች እንጂ። እማማ በለስ ሸጠው ደብተር ይገዙላችሁ እንደነበር የነገርሽኝን አልረሳሁትም።

እዚያ ግን የሚበሏት ጠላቶች አሏት፣ ሰዉም የበለሱን ቅጠል ቆርጦ ጥላ ሥር ሰቅሎ ነው የሚያረባት። አንዲት ሸማኔ የደረቀችውን ተባይ መዳፏ ላይ ስታሻት እጇ ደም መሰለ፣ ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ደግሞ ወደ ብርቱካን ሄደ። 1 ኪሎ ለመሙላት ከ100 ሺህ በላይ ተባይ ይፈልጋል፣ አስቢው። በስፔን ዘመን ከሜክሲኮ ከሚወጣው ዕቃ በዋጋ ከብር ማዕድን ቀጥሎ የምትመጣው እሷ ነበረች።

ሱፉን ማበጠር፣ መፍተል፣ መንከር፣ ከዚያ ድርና ማጉ፤ አንድ ብርድ ልብስ ሳምንታት ይፈጃል። ገበያው ግን በማሽን በተሠራ ርካሽ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ተሞልቷል፣ ቱሪስቱም እሱን እያነሳ ይሄዳል። በጣም ነው ያናደደኝ። ከሴትዮዋ ሳልከራከር በጠራችው ዋጋ አንድ ቀይ ገዛሁ።

የገዛሁት ለእማማ ነው። ለራያ ብርድ ሳይሆን፣ ደጋ ሲወጡ እንዲደርቡት። ግን የቀለሙን ነገር ሲሰሙ ቅር ይላቸው ይሆን? ነግሬያቸው ልላክ ወይስ ሌላ ቀለም ልፈልግ? አንቺ ታውቂያቸዋለሽና እውነቱን ጻፊልኝ። ካርቶኑን ሳልዘጋ እጠብቅሻለሁ።

ያንቺው