የክርስትና ስሜ

ይድረስ ለእናቴ፤ ከጎንደር

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያን ዕለት በጠዋት ደውዬ «የክርስትና ስሜ ማን ነበር?» ስልሽ ክው አልሽ። አልፈርድብሽም። ስመ ክርስትና በድንገት የሚጠየቀው ሰው ሲታመም ወይ ሲሞት ነው። ቶሎ የዘጋሁብሽ ቄሱ ቆመው እየጠበቁኝ ስለነበር ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ አስቀድሼ ስወጣ አንድ ሽማግሌ ቄስ ያዙኝ። ለዓመታት ፈረንጅ አስከትዬ ስገባ ስወጣ ያዩኛል። «ስመ ክርስትናህን ንገረኝ፣ በጸሎት ላስብህ» አሉኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አድያም ሰገድ ኢያሱ እንዳሠሯት፣ በ1880 ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ንቦች አዳኗት እንደሚባል በእንቅልፍ ልቤ እናገራለሁ። የገዛ ስሜን ግን አላውቅም።

ሥራው ከቆመ ወዲህ እንዴት እንደሆንኩ አልነገርኩሽም። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ። ሰው ስልኩ ላይ የመዘገበኝ «ጋይድ» ብሎ ነው። ጎብኚ ሲጠፋ የሚደውልልኝም ጠፋ። አንድ ማታ ባጄን ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁት። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ይስቃል። ቀናሁበት። ማተቤን ከበጠስኩም ስንት ዓመቴ፤ አይተሽ ዝም ማለትሽ ያኔም ገብቶኝ ነበር።

«ገብረ መድኅን» ያልሽኝን ለቄሱ ነገርኳቸው። «የመድኃኔ ዓለም አገልጋይ። እንግዲያስ ባለቤት አለህ» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ተመልሼ ገባሁ። ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ታስታውሻቸዋለሽ፤ ፊትና ክንፍ ብቻ፣ ዐይናቸው ትልልቅ። ለፈረንጆቹ ሁልጊዜ «የትም ብትቆሙ ያዩአችኋል» እላለሁ። እኔ ግን ቀና ብዬ አላያቸውም ነበር፤ የማየው ሰዓቴን ነው። ያን ዕለት አንገቴ እስኪያመኝ አየኋቸው። አላለቀስኩም ብልሽ ታምኚኛለሽ?

አሁን እሑድ እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ሥዕሉን አሳያለሁ። ባጅ የለም፣ ጉርሻ የለም። አንዷ ትንሽ ልጅ «እጅ ከሌላቸው እንዴት ያማትባሉ?» አለችኝ፤ በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። መልስ አጣሁ። እንጀራ አይሆንም መቼም፤ ሌላውን ቀን አክስቴ ሱቅ እውላለሁ። ቅር አላለኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በአርባ ቀኔ ክርስትና ያነሣኝ ማን ነው? በሕይወት አለ? ካለ ሄጄ ጉልበቱን ልስም። በስልክ አትንገሪኝ፣ ይጠፋብኛል፤ እህቴ በወረቀት ትጻፍልኝ። ሽሮው ተፈጭቷል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲገኝ እልክልሻለሁ።

ልጅሽ
ገብረ መድኅን