ስለ ላንድክሩዘሩ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ጉልበቷ ተሽሏታል። የአዳማ ሙቀት እንደምታውቂው ነው።

የትኛውን ልግዛ ብለሽ በቴሌግራም የላክሽልኝን የሁለቱን መኪኖች ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ፕራዶው ያምራል። ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ ቆዳ ነው። ደላላው አንቺን ወደሱ መግፋቱ አይገርመኝም። የኔ ዓይን ያረፈው ግን ፓራፋንጎው በተጫረው በአሮጌው ላንድክሩዘር ላይ ነው።

ፕራዶው ላይ ያለው ዋን ኬ ዜድ የሚባለው ባለ 3 ሊትር ቱርቦ ሞተር ነው። ሲነዳ ደስ ይላል፤ ሙቀት ላይ ግን አይታመንም። አንዴ ካፈላ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይሰነጠቃል። ላንድክሩዘሩ ዋን ኤች ዜድ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የለው፣ የናፍጣ ፖምፓውም ኤሌክትሮኒክስ አይጠይቅ። በንሳ ገጠር ውስጥ ብትቆሚ መፍቻ የያዘ መካኒክ ይበቃሻል። ጉልበተኛ አይደለም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ይደክማል፤ ሀገረ ሰላም ስትወጪ አይሱዙ ሳይቀር ሊቀድምሽ ይችላል። ይቅደምሽ። ናፍጣም ይጠጣል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 ሊትር በታች አትጠብቂ። ቡና ገዝተሽ የምትመለሺበት መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው ይህን ሁሉ ችለሽ ያዢው የምልሽ።

ዋጋው አሮጌ መኪና አይመስልም ብለሻል፤ ልክ ነሽ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ነው እጅ በእጅ የሚዞረው። ስለዚህ ብዙ ይቀንሳል ብለሽ አትከራከሪ፤ ክርክርሽን ለጉድለቱ አቆዪው።

መኪናውን በጠዋት እዪው። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ስትደርሺ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው፤ ከሞቀ ባለቤቱ አስቀድሞ አስነሥቶታልና ሌላ ቀን እመጣለሁ ብለሽ ተመለሺ፣ ይሉኝታ አይያዝሽ። የደከመ ናፍጣ ሞተር ሁሉ ከሞቀ በኋላ ጤነኛ ይመስላል። የካንዴላው መብራት እስኪጠፋ ጠብቀሽ አስነሺው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነጭ ጭስ ምንም አይደለም። ሰማያዊ ጭስ ካልቆመ ዘይት እየበላ ነው። እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቺው፤ ጭሱ እንደ ባቡር የሚወጣ ከሆነ ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ አመስግነሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ፣ ለኔ ዋናው እሱ ነው። ከማስነሣትሽ በፊት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ። ውስጡ አረንጓዴ ወይም ቀይ ኩላንት ከሆነ ባለቤቱ ተንከባካቢ ነው። የዛገ ቡናማ ውኃ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲሞላበት ኖሯል። ዘይት ከላይ ከተንሳፈፈ፣ ወይም ሞተሩ ሲነሣ አረፋ እየቦለቀ ከመጣ፣ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ወይም ራሱ ቴስታታው ሄዷል። የክዳኑን ላስቲክም እዪ። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ማንም አያየውም፤ ግን ግፊቱን ይዞ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው እሱ ነው። እኛ ጋ አዳማ ላይ ክፍት ውኃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ኮፈሌ ላይ በ91። የደጋ አቀበት ላይ የሚያፈሉት መኪኖች ስንቶቹ ክዳናቸው ብቻ እንደላላ ብታውቂ! የማውቀው አንድ ሾፌር የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ሲወጣ እያየ "ከተማ ልግባ" ብሎ ሞተሩን ጨርሶት ገባ። መርፌው ከተለመደው ቦታ ከተነሣ ወዲያው ቁሚ። በትኩሱ ደግሞ ክዳኑን እንዳትነኪ።

ለሙከራ ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ሐይቁ ዳር መንዳት ምንም አይነግርሽም፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ ያለውን አቀበት ይዘሽው ውጪ። መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ግማሹን መልስ አገኘሽ። እግረ መንገድሽን ኮረኮንች ላይ ዲፍ ሎኩን (ጎማዎቹን አንድ ላይ የሚያሽከረክረውን) እና ከባዱን ማርሽ አስገቢው፤ ብዙ ሰው ለዓመታት ሳይነካው ስለሚቀር ይደርቃል። የፊት ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል እዪ፣ አክስሉ ጫፍ ላይ ግሪስና ዘይት ከፈሰሰ ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ ይቀየራል፤ ይህ ዋጋ መቀነሻ እንጂ መተዊያ አይደለም። ሻንሲው (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ብረት) ላይ ብየዳ ካየሽ ግን ተዪው። የቦዲ መሙያ ስቱኮን ቀለም ይሸፍነዋል፣ የተበየደ ሻንሲ ግን አይደበቅም።

ወረቀቱን በተመለከተ አጭር ነው፦ መኪናው ቀድሞ የእርዳታ ድርጅት ንብረት ከነበረ ቀረጡ ተከፍሎ መሆኑን ከወረቀቱ አረጋግጪ፤ ያልተከፈለበት ስምሽ ላይ አይዞርም። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። የባንክ እገዳ አለመኖሩም ይጣራ።

ከገዛሽው በኋላ የመጀመሪያው ወጪሽ ጌጥ አይሁን። ታይሚንግ ቺንጋውን፣ የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማውን ቀበቶ፣ ቀይሪ። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ነው፤ መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ካላሳዩሽ አልተቀየረም ብለሽ ያዢው፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን የቺንጋ መቀየሪያ መብራት አትመኚ፣ በእጅ ማጥፋት ይቻላል። የሞተር ዘይቱ ከ9 ሊትር በላይ ስለሚይዝ ቅያሪው ያስቆጫል፤ ቢሆንም በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው ቀይሪ። ናፍጣ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር ጀሪካን አትግዢ። ኬሮሲን ይቀላቅሉበታል፣ እሱ ደግሞ ስለማያለሰልስ ፖምፓውን ይበላዋል። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማስተንፈሻ ፈትተሽ የተጠራቀመውን ውኃ አልፎ አልፎ አፍስሺ።

ለዚህ ሁሉ ከያዝሽው ገንዘብ አንድ አምስተኛውን አስቀሪ። ዋጋው ያን ካላስቀረልሽ መኪናው ውድ ነው፣ ቆይ።

ቀብድ ገና እንዳትሰጪ። የሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ዛሬውኑ ላኪልኝ። ቅዳሜ በሌሊት ተነሥቼ እመጣለሁ፤ ባለቤቱን እስክንደርስ ድረስ ሞተሩን እንዳያስነሣ ንገሪው። እናትሽ በርበሬ ፈጭታልሻለች፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።

አባትሽ
አዳማ