ፓወር ሰፕላይ በተረፈ ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ በቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ ከፍተኛ አቅም ያለው ኮምፒውተር በቤት ውስጥ ስለ መገጣጠም የወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ጉዳይ ማንኛውም አንባቢ ሊከታተለው በሚችል አማርኛ ለማቅረብ መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ስለ ፕሮሰሰር (ስለ ኮምፒውተሩ ዋና የስሌት ክፍል) ከጻፉት አብዛኛውም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡን በቅድሚያ ለፕሮሰሰርና ምስል ለሚሥለው ግራፊክስ ካርድ አውሎ በተረፈው ራሙን (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታውን) እና ፓወር ሰፕላዩን (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሣጥን) ማሟላት ይቻላል የሚለው ምክራቸው፣ በተለይም በምሳሌነት የቀረበው ዝርዝር አርቲኤክስ 4090 የተባለውን ግራፊክስ ካርድ ከባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ጋር ማጣመሩ፣ አንባቢን ለኪሳራ የሚዳርግ ስለሆነ እርማት እንዲደረግበት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የተጠቀሰው ግራፊክስ ካርድ ብቻውን እስከ 450 ዋት ይወስዳል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለው ራይዘን 9 7950ኤክስ የተባለው ፕሮሰሰር ደግሞ ሥራ ሲበዛበት እስከ 230 ዋት ይደርሳል። ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ ራሙ፣ ዲስኮቹና ማራገቢያዎቹ ሳይቆጠሩ የሁለቱ ድምር 680 ዋት መሆኑ ነው። የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ ራሱ ለ4090 የሚመክረው ፓወር ሰፕላይ ከ850 ዋት ይጀምራል። እኔ ብሆን ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር ሲጣመር 1000 ዋት እመርጥለታለሁ፤ ምክንያቱን የተማርኩት ደግሞ በገዛ ኮምፒውተሬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቪዲዮ ቅንብር የሚሆን ማሽን ስገጣጥም ልክ ጸሐፊው እንዳሉት አድርጌ ነበር። ኮምፒውተሩ ለደብዳቤ፣ ለኢንተርኔትና ለቀላል ቅንብር ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ረጅም ቪዲዮ ወደ መጨረሻው ፋይል ሲቀየር ግን ድንገት ድርግም ይልና ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ራሱ ተመልሶ ይነሣል። ራሙን ቀየርኩ፣ ዊንዶውስን እንደገና ጫንኩ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ስከታተል አደርኩ። ሦስት ሳምንት ከደከምኩ በኋላ አንድ ወዳጄ ከፍ ያለ አቅም ያለው ፓወር ሰፕላይ አውሶኝ ስሰካው ችግሩ በዚያው ቀን ቀረ። ያስገረመኝ ግን ሁሉንም ክፍሎች ስደምር ያገኘሁት ቁጥር በአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ላይ ከተጻፈው ዋት በታች መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካርዱ መግለጫ ላይ የምናነበው ዋት አማካይ ነው፤ ካርዱ በተግባር የሚስበው ኃይል ግን በየቅጽበቱ ይዋዥቃል፣ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜም ከአማካዩ እጅግ ከፍ ብሎ ሊወረወር ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ ይህንን ውርወራ እንደ አደጋ ከቆጠረው መከላከያው ይሠራና ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው መስፈርት ከፍተኛ አቅም ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች የተጻፈባቸውን ዋት እጥፍ ለ100 ማይክሮሰከንድ ያህል ሳይጠፉ እንዲሸከሙ የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ገዢ ከዋቱ ቁጥር ቀጥሎ ሊያየው የሚገባው ነገር ፓወር ሰፕላዩ ይህንን መስፈርት ወይም ከዚያ በኋላ የመጣውን ያሟላ መሆኑን ነው።

በጽሑፉ ውስጥ «80 ፕላስ ጎልድ» የሚለው ምልክት የጥራት ማረጋገጫ ሆኖ መቅረቡም ቢታረም መልካም ነው። ምልክቱ የሚነግረን ከግድግዳው ሶኬት ከሚገባው ኃይል ምን ያህሉ ለኮምፒውተሩ እንደሚደርስና ምን ያህሉ ሙቀት ሆኖ እንደሚባክን ብቻ ነው። ጎልድ የተባለው በ115 ቮልት ሲለካ በግማሽ ጭነት 90 በመቶውን ያስተላልፋል፤ ለክፍሎቹ 450 ዋት ለማድረስ ከግድግዳው 500 ዋት ይስባል ማለት ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኃይል አጠራቅመው የሚያለሰልሱ ክፍሎች) ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉም ሆነ መከላከያዎቹ በትክክል እንደሚሠሩ አይመሰክርም። ለዚያ መሣሪያውን ከፍተው በጭነት የፈተሹ ሰዎች የጻፉትን ማንበብና የዋስትናውን ዘመን ማየት ይሻላል።

ስለ ኬብልም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ስሕተት ዕቃ ሲያቃጥል በዓይኔ አይቻለሁና። ተነቃይ ኬብል ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች በኮምፒውተሩ ክፍሎች በኩል ያለው መሰኪያ አንድ ዓይነት ቢሆንም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አደራደር ግን ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ በአዲስ የቀየረ ሰው የቀድሞዎቹን ኬብሎች እንዳሉ ትቶ ቢሰካቸው 5 ቮልት መድረስ ያለበት ቦታ 12 ቮልት ይደርስና ዲስኩ ከነመረጃው ሊቃጠል ይችላል። በ4090 ላይ ያለው ባለ 16 ፒን መሰኪያም እስከ 600 ዋት እንዲያሳልፍ የተሠራ ስለሆነ እስከ ጥጉ ካልገባ ይግላል፣ እየቀለጠ የተገኘበትም ጊዜ አለ፤ ቅርጹ ከጊዜ በኋላ ተሻሽሎ የወጣው ለዚህ ነው።

ወደ ራሙ ስመጣ፣ ለወደፊቱ ቦታ እንዲተርፍ አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ራም መግዛት ይሻላል የሚለውን አልቀበለውም። የቤት ኮምፒውተር ፕሮሰሰሮች ከራም ጋር የሚገናኙት በሁለት መስመር ነው፤ አንድ ራም ብቻ ሲሰካ አንደኛው መስመር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት መግዛት ተገቢ ነው። በኋላ ሁለት ጨምሮ አራት ማድረግም ዲዲአር 5 በተባለው የራም ትውልድ ዘመን እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም፤ አራቱ ቦታዎች ሲሞሉ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ዝቅ ለማለት ይገደዳልና፣ የሚያስፈልገውን መጠን ከመጀመሪያው በሁለት ራም መያዝ ይመረጣል። ፍጥነቱንም በአንድ ቁጥር ብቻ መለካት ያሳስታል። ባለ 6000 (በሰከንድ 6000 ሚሊዮን ጊዜ መረጃ የሚያስተላልፍ) ሆኖ ሲኤል 30 የሆነ (ማለትም መልስ ለመስጠት 30 ምት የሚያስጠብቅ) ራም የሚዘገየው 10 ናኖሰከንድ ነው፤ ይህም ከአሮጌው ባለ 3200 ሲኤል 16 ዲዲአር 4 ጋር እኩል ነው። ያው 6000 ሆኖ ሲኤል 40 ከሆነ ግን ከ13 ናኖሰከንድ በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚገኘው መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን ያላበራ ሰው ለ6000 ከፍሎ ብዙውን ጊዜ በ4800 ሲሠራ ይኖራል። ይህን ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣውም።

ከሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው ዝርዝራቸውን ከዕቃው ጀመሩ እንጂ ከሥራው አልጀመሩም። ጥያቄው «የትኛው ፕሮሰሰር ይበልጣል?» ሳይሆን «የእኔ ሥራ የሚጠብቀው የትኛውን ክፍል ነው?» መሆን ነበረበት። ጂን አምዳል የተባሉት የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሡት ነጥብ ዛሬም ይሠራል፤ አንድ ፕሮግራም 80 በመቶው ብቻ ለብዙ ኮሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሠሩ የስሌት ክፍሎች) የሚከፋፈል ከሆነ 16 ኮር ያለው ፕሮሰሰር የሚያፋጥነው 16 ጊዜ ሳይሆን 4 ጊዜ ነው፤ ኮሮቹ እልፍ ቢሆኑም ከ5 ጊዜ አያልፍም። በጨዋታም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ 8 ኮር ብቻ ይዞ በ96 ሜጋባይት ካሹ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ፈጣን ማኅደረ ትውስታ) ምክንያት በብዙ ጨዋታዎች ከእርሱ የሚበልጥ ኮር ያላቸውን ቀድሟል። ሞኒተሩ 3840 በ2160 ከሆነ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ በእያንዳንዱ ምስል የሚሥላቸው ፒክስሎች ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ ማለትም የ1920 በ1080 አራት እጥፍ ናቸው፤ እዚያ ላይ ውድ ፕሮሰሰር የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም አይታይም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችን በቤቱ ማስኬድ ለሚፈልግም መልሱ ሌላ ነው። 7 ቢሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የተገኙ ቁጥሮች፣ ክብደቶችም ይባላሉ) ያለው ሞዴል በ16 ቢት ሲጫን ለክብደቶቹ ብቻ 14 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ በ4 ቢት ሲጨመቅ ወደ 3.5 ጊጋባይት ይወርዳል። ለእንዲህ ያለ ሰው ፈጣን ሆኖ 8 ጊጋባይት የራሱ ማኅደረ ትውስታ ከያዘ ግራፊክስ ካርድ ይልቅ ዘገምተኛ ሆኖ 16 የያዘው ሊጠቅመው ይችላል። በዲስክ ረገድ ሙግት የለኝም፤ ኤንቪኤምኢ የተባለውን ፈጣን የዲስክ ዓይነት መግዛት ተገቢ ነው፣ ነገር ግን ትልልቅ ፋይል የማያገላብጥ ሰው በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት በሚያነበውና በግማሹ በሚያነበው መካከል በዕለት ተዕለት ሥራው ልዩነት አያገኝም። ከዚያ የሚተርፈውን ገንዘብ አየር በደንብ ለሚያስገባ ኬዝና ለጥሩ ማቀዝቀዣ ቢያውለው ይሻለዋል፤ 7950ኤክስ 95 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን የሚቀንስ ነውና።

የዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው እትም የፓወር ሰፕላዩን መስመር እንዲያርም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዝርዝሩን አምኖ ዕቃውን አስቀድሞ የገዛ አንባቢ ካለ፣ ፓወር ሰፕላዩን እስኪቀይር ድረስ የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ጣሪያ በሶፍትዌር ወደ 70 በመቶ፣ ማለትም ወደ 315 ዋት ያውርደው፤ ባዮስ ውስጥም የፕሮሰሰሩን ኢኮ ሞድ (የኃይል ቁጠባ ስልት) ባለ 105 ዋት በሚባለው ደረጃ ላይ ቢያደርገው በተግባር የሚስበው ከ142 ዋት አያልፍም። የሚያጣው ፍጥነት ከሚቆጥበው ኃይል በእጅጉ ያነሰ ነው። ይህ ግን ማቆያ ነው፤ በዚያ ፓወር ሰፕላይ ላይ ረጅም ሥራ ጭኖ መተኛት የለበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ