ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃቀም ለወላጆች በተዘጋጀው የሦስት ቅዳሜ ሥልጠና እንድትገኙ የቀረበ ጥሪ

ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ወር አጋማሽ የአንዲት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን እናት የልጃቸውን ደብተር በፌስታል ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። ልጅቷ ለእንግሊዝኛ ትምህርት የጻፈችው ድርሰት «በማሽን የተጻፈ ነው» ተብሎ ዜሮ ተሰጥቶት ነበር። መምህሩ ለዚህ ማስረጃ ያደረገው ጽሑፍን መርምሮ የሰው ነው ወይም የማሽን ነው ብሎ የሚፈርድ አንድ የኢንተርኔት መሣሪያ ነው። እናትየው ደብተሩን ከኋላ በኩል ገልጠው ረቂቁን አሳዩኝ። በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል፤ በገጹ ዳር ደግሞ በትንንሽ የአማርኛ ፊደላት «ይህን ቃል አባባን ልጠይቅ» የሚል ማስታወሻ አለ። ከዚያ በኋላ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ውጤቱ በዚያው ዕለት ተስተካከለ፤ መምህሩም ልጅቷን ጥፋተኛ ባላት ክፍል ውስጥ፣ በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ጠየቃት። እኔም እናትየውን በዚህ ደብዳቤ በድጋሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጉዳዩን በዝርዝር የጻፍኩላችሁ በአንድ መምህር ላይ ለመፍረድ አይደለም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ እንዳይጠቀም የከለከለው መመሪያ አልነበረንም፤ ጥፋቱ የአስተዳደሩ ነው። ነገሩን ካጣራን በኋላ የተረዳነው፣ የእነዚህ መለያ መሣሪያዎች ፍርድ የሚታመን አለመሆኑን ነው። ለተጠየቀው ሁሉ በጽሑፍ የሚመልሰውን ቻት ጂፒቲ የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም የሠራው ኦፕን ኤአይ የተባለው ድርጅት ራሱ ያወጣውን መለያ መሣሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ከአገልግሎት አውጥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና የጻፏቸውን ድርሰቶች በተለያዩ መለያ መሣሪያዎች ሲያስመረምሩ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በስሕተት የማሽን ተብለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሣሪያዎቹ የሚያዩት ቀጣዩ ቃል ምን ያህል አስቀድሞ የሚገመት እንደሆነ ነውና፣ በሁለተኛ ቋንቋው በተለመዱ ቃላትና በቀላል ዐረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው ማሽን ይመስላቸዋል። የእኛም ልጆች እንግሊዝኛን የሚጽፉት እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ውጤት ብቻ ነጥብ እንዳይቀነስበት፣ እንዳይቀጣም ወስነናል።

ይህን ስል ግን ችግር የለም ማለቴ አይደለም። በዚሁ ወር በስምንተኛ ክፍል የሒሳብ የቤት ሥራ 11 ተማሪዎች በአንድ ጥያቄ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት፣ በአንድ ዓይነት አካሄድ፣ ያውም መምህራቸው ጨርሶ ባላስተማራቸው ዘዴ ሠርተው አመጡ። ልጆቹ እንደነገሩን ጥያቄውን በስልክ ፎቶ አንስተው ለቴሌግራም ቦት (በራሱ መልስ ለሚሰጥ ፕሮግራም) ይልካሉ፤ መልሱ በሰከንዶች ይመጣል፤ የቀረው መገልበጥ ነው። መምህርቷ አንድ በአንድ ሰሌዳ ላይ አውጥታ ስትጠይቃቸው አካሄዱን ማስረዳት የቻሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል አንዱ ልጅ «መልሱ ትክክል መስሎኝ ነበር፤ በጣም አሳምሮ ነው የጻፈው» አላት። ይህ አነጋገር እስከ አሁን አብሮኝ አለ፤ ልጁ የተናገረው እውነቱን ነውና።

ብዙዎቻችሁ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የደረሰበትን ታስታውሳላችሁ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲፈተኑ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚያ ውጤት ብዙ ምክንያቶች ተነሥተዋል፤ ሁሉንም እዚህ ማንሣት አልችልም። አንዱ ነገር ግን ለእኔ እንደ ርዕሰ መምህር ግልጽ ነው፤ ከሌላ ሰው ወረቀት መገልበጥ ሲቀር በልጁ እጅ የቀረው እሱ ራሱ የሠራው ብቻ ነው። ዛሬ መገልበጫው ከጎረቤት ወንበር ወደ ኪስ ስልክ መጥቷል። የቤት ሥራ የሚሠራውም ስሙ እንደሚለው እቤት ነው፤ መምህር የሌለበት፣ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ነው። ወላጆችን ሳንይዝ ተማሪዎችን ብቻ ብናሠለጥን ሥራው ግማሽ ይቀራል ያልነው ለዚህ ነው።

መምህራኖቻችን ባለፈው ወር በሦስት ከሰዓቶች ሥልጠና ወስደዋል። በዚያ ያየነውን ጥቂቱን ላካፍላችሁ። የአማርኛ መምህራችን በሰሌዳው ላይ «በሬው ይበላል» ብሎ ጻፈና ሦስት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉሙት አደረገ። እኛ ቃሉን ስናነብ «በ»ንና «ለ»ን በማላላት ወይም በማጥበቅ በሬው ሣር እየበላ ነው ወይስ ሊታረድ ነው የሚለውን እንለያለን፤ ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ከሦስቱ አንዱም «የትኛውን ማለትህ ነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ሁሉም አንዱን ትርጉም መርጠው በሙሉ ልብ መለሱ። የታሪክ መምህርቷ ደግሞ ዐፄ ምኒልክ በዓድዋ ጦርነት ጊዜ ስንት ዓመታቸው እንደነበር ጠየቀች። ፕሮግራሙ ጦርነቱን በእኛ አቆጣጠር 1888፣ ልደታቸውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1844 ወስዶ አንዱን ከሌላው ቀነሰና «44 ዓመት» አለ። የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ስለሆነ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ላይ ዕድሜያቸው 51 ነበር። አንድ ልጅ ያንን 44 ቢገለብጥ ማን ያርመዋል?

እነዚህ ስሕተቶች የሚመጡት ፕሮግራሞቹ የሚሠሩበት መንገድ እንዲህ ስለሆነ ነው። ከብዙ ጽሑፍ የተማሩትን ይዘው ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ይመጣል እያሉ ይገምታሉ እንጂ፣ እውነቱን ከመዝገብ አውጥተው አያነቡም። የተማሩበት ጽሑፍ ደግሞ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ጽሑፍ ከዚያ አንጻር እጅግ ጥቂት ነው። ስለ እኛ አገር፣ በእኛ ቋንቋ፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲጠየቁ ይበልጥ የሚሳሳቱትም በዚህ ምክንያት ነው። የልጅ ጆሮ ደግሞ ያልተጠራጠረ አነጋገርን እንደ ዕውቀት ይቆጥራል።

ከዚሁ ሥልጠና መልካም ነገርም አግኝተናል፤ ይህን ባልናገር ፍርዴ ሚዛኑን ያጣል። የባዮሎጂ መምህራችን አንድን ከባድ የእንግሊዝኛ ምንባብ በእነዚህ ፕሮግራሞች እየታገዘ በሦስት የክብደት ደረጃ አዘጋጅቶ፣ ራሱ አንብቦና አርሞ፣ ቋንቋ ለሚከብዳቸው ልጆች ቀለል ያለውን ሰጠ። እጃቸውን አንሥተው የማያውቁ ሁለት ልጆች በዚያ ክፍለ ጊዜ ጠየቁ። የሒሳብ መምህርቷ መልስ ከመጠየቅ ይልቅ «የእኔን አካሄድ ተመልክተህ የተሳሳትኩበትን መስመር ብቻ ንገረኝ፤ መልሱን አትስጠኝ» ብለው እንዲጽፉ ልጆቹን አስተምራለች። በአንዲት ዐረፍተ ነገር ለውጥ ገልባጩ ተማሪ ጠያቂ ይሆናል። ልጆቻችን ነገ በሚሠሩበት ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም እርሻ ይህ መሣሪያ መኖሩ አይቀርም፤ አገራችንም የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትን አቋቁማለች፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭም ኮድ መጻፍን ለፈለገ ሁሉ በነጻ ያስተምራል። ሙሉ በሙሉ የመከልከልን ሐሳብ ከወላጅ ተወካዮች ጋር መክረንበት የተውነው ስለዚህ ነው።

የዕድሜ ገደብ ግን አለን። ቻት ጂፒቲ በራሱ የአጠቃቀም ደንብ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይጠቀሙት፣ ከ13 እስከ 18 ያሉትም በወላጅ ፈቃድ እንዲጠቀሙ ያዛል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለክፍል ውስጥ አጠቃቀም 13 ዓመትን ዝቅተኛው ዕድሜ እንዲሆን መክሯል። በትምህርት ቤታችን እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ እነዚህን ፕሮግራሞች የሚጠይቅ የቤት ሥራ አይሰጥም፤ ልጆቹም እንዲጠቀሙ አይፈቀድም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ዕድሜው የደረሰና ወላጁ የፈቀደለት ተማሪ ሊጠቀም ይችላል፤ የተጠቀመበትን ግን በሥራው ግርጌ በራሱ እጅ መጻፍ አለበት። ጽፎ ያሳየ ልጅ ነጥብ አይቀነስበትም። የደበቀ ልጅ ግን ሥራውን በመምህሩ ፊት በቃል እንዲያስረዳ ይደረጋል፤ ማስረዳት ካልቻለ እንደገና ይሠራዋል።

የልጆቻችን ፎቶና ድምፅ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከአንድ ፎቶ ተነሥቶ የሐሰት ምስል መሥራት፣ ከጥቂት ሰከንድ ቅጂ የሰውን ድምፅ አስመስሎ ማናገር ዛሬ የባለሙያ ሥራ መሆኑ ቀርቷል። በሴት ልጆች ላይ የሚፈጸመው ደግሞ የከፋ ነው። ትምህርት ቤቱ ባለፉት ዓመታት የተሸላሚ ተማሪዎችን ፎቶ ከነሙሉ ስማቸውና ከነክፍላቸው በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ሲለጥፍ ቆይቷል፤ ያደረግነው በደስታ ቢሆንም በቂ ጥንቃቄ የጎደለው ነበር። ፎቶዎቹን አንሥተናል፤ ከእንግዲህ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ የማንንም ልጅ ፎቶ አናወጣም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሕግም ነው። እናንተም ከወዲሁ በቤተሰብ መካከል ብቻ የምትታወቅ አንዲት የምሥጢር ቃል ብትስማሙ መልካም ነው፤ «ልጅሽ አደጋ ደርሶበታል፤ ብር ላኪ» የሚል ስልክ በልጃችሁ ድምፅ ቢደወል የምትጠይቁት ያንን ቃል ነው።

ሥልጠናው ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ኅዳር 20 እና ኅዳር 27 ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ይሰጣል። በመጀመሪያው ቅዳሜ በባንክ ውስጥ በመረጃ ትንተና የሚሠሩ አንዲት የተማሪያችን እናት ፕሮግራሞቹ እንዴት እንደሚሠሩና ለምን እንደሚሳሳቱ በአማርኛ ያስረዳሉ። ሁለተኛው ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ የተግባር ነው፤ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከልጃችሁ የቤት ሥራ አንዱን ጥያቄ መምህራን በተገኙበት ራሳችሁ ትሞክሩታላችሁ። በመጨረሻው ቅዳሜ የሕግ ባለሙያ የሆኑ አባት ስለ አዋጁና ስለ ፎቶ ፈቃድ ይናገራሉ፤ ቀጥሎም በመመሪያው ረቂቅ ላይ አስተያየታችሁን እንቀበላለን። ክፍያ የለውም። ጾሙ ስለሚገባ ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ የሚቀርበው ሻይና ዳቦ የጾም ነው።

ከእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ አንድ ሰው እንዲገኝ እጠይቃለሁ። ልጁ የሚኖረው ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር ከሆነ የምንጋብዘው እነርሱን ነው፤ ስማርት ስልክ አለመያዝ ወይም ኢንተርኔት አለማወቅ ማንንም ሊያስቀር አይገባም፤ እንዲያውም ለእነርሱ የሚያግዙ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ተመድበዋል። በዓረብ አገርና በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች የንግግሮቹን የድምፅ ቅጂ በየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ እንልክላችኋለን፤ ከልጆቻችሁ ጋር በስልክ ስትነጋገሩ እንድታነሡት አደራ እላለሁ።

እስከዚያው ድረስ በቤታችሁ አንድ ነገር እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ የቤት ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ «ጨረስክ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ አንዱን ጥያቄ መርጣችሁ «እስኪ እንዴት እንደደረስክበት አስረዳኝ» በሉት። ሒሳቡን እናንተ ባታውቁትም ግድ የለም። የገባው ልጅ ሲያስረዳ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ያልገባውም እንደዚያው።

ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ያለውን ቅጽ ሞልታችሁ፣ የትኞቹን ቅዳሜዎች እንደምትገኙና የልጃችሁን ፎቶ እንድናወጣ መፍቀድ አለመፍቀዳችሁን አመልክታችሁ፣ ከፊርማችሁ ጋር እስከ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በልጃችሁ ኮሙኒኬሽን ቡክ ውስጥ እንድትልኩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፎቶውን በሚመለከት ቅጹ ሳይመለስ ከቀረ አልተፈቀደም ብለን እንወስዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር