ማክዴቪድና ድራይዛይትል ይለያዩ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፦

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ ስለ ካናዳው የአይስ ሆኪ ቡድን ኤድመንተን ኦይለርስ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። በአማርኛ ስለ አይስ ሆኪ የሚጽፍ ሰው ተገኘ ብዬ ነው። ሁለተኛ ሳነበው ግን በገንኩ። ጸሐፊያችሁ የቡድኑ ሁለት ኮከብ አጥቂዎች ኮነር ማክዴቪድና ሊዮን ድራይዛይትል ሁልጊዜ አብረው ይሰለፉ ባይ ነው። እኔ ይለያዩ ባይ ነኝ።

የጅማ ሰው ከበረዶ ጋር ምን አገናኘው እንደምትሉ አውቃለሁ። እኛ በረዶን የምናውቀው በክረምት ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ኤድመንተን ይኖራል። እዚያ ሄዶ ሆኪ ለመደ፣ ከዚያ እኔን አስለመደኝ። እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ክረምታቸው ሲሆን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይገባል። የሱብሂ አዛን ሲሰማ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ገና አላለቀም። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ አያለሁ። ዳታው እስኪያልቅ ነው እንግዲህ።

ጸሐፊያችሁ አንድ ነገር ዘሎታል። ለአንባቢ ካልተነገረ ደግሞ ክርክሩ አይገባም። በሆኪ አንድ ቡድን ለጨዋታ 12 አጥቂ ያሰልፋል። ሦስት ሦስት ሆነው አራት መስመር ይሆናሉ። መሀል ያለው ሴንተር ነው፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ክንፎቹ ናቸው። አንድ መስመር በረዶው ላይ የሚቆየው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ከዚያ በላይ በሙሉ ፍጥነት የሚንሸራተት እግር የለም። ስለዚህ ጨዋታው ሳይቆም ወደ አግዳሚው ይመለሳሉ፣ ሌሎቹ አጥሩን ዘለው ይገባሉ። እግር ኳስ እንደለመድነው 11 ሰው መርጦ ቁጭ ማለት የለም። አሰልጣኙ የሚጨነቀው ምርጡ ልጅ ተቀምጦ ትንፋሽ ሲሰበስብ ማን ይጫወታል ብሎ ነው።

ማክዴቪድ ከ60ው ደቂቃ 22 ያህሉን ይጫወታል። ይህ ለአጥቂ በጣም ብዙ ነው። ድራይዛይትልም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለቱን አንድ ላይ ካሰራችኋቸው አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። በቀረው ከግማሽ በላይ ጨዋታ ተጋጣሚ ዘና ብሎ ይጫወታል።

አንድ እሁድ ከወንድሜ ጋር በቪዲዮ ስንጨቃጨቅ እማዬ ቡና እያፈላች ነበር። ስለ ሆኪ የምታውቀው ልጇ ብርድ አገር ሄዶ ያመጣው ጣጣ መሆኑን ብቻ ነው። ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና ‹‹ቡናውን ሁሉ አቦል ላይ ጨርሶ በረካ ምን ሊያጠጣ ነው ሰውዬው?›› አለች። ወንድሜ ሳቀ እንጂ መልስ አልነበረውም።

ማስረጃ ላምጣ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በ2018-19 ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ተጫወቱ። ድራይዛይትል 50 ግብ አገባ። ማክዴቪድ ግብና አሲስት ተደምሮ 116 ነጥብ ሰበሰበ። ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው ዋንጫ የበሉ ይመስላል። ቡድኑ ግን ጥሎ ማለፍ እንኳ አልገባም! ከሁለቱ በኋላ የሚመጣ አልነበረማ።

በቀጣዩ የውድድር ዘመን፣ ልክ 2020 ሲገባ፣ አሰልጣኝ ዴቭ ቲፔት ለያያቸው። ድራይዛይትል የራሱን መስመር ይዞ ሴንተር ሆነ። ራያን ኑጀንት ሆፕኪንስና ከታችኛው ሊግ የመጣው ካይለር ያማሞቶ ክንፍ ሆኑለት። ያ መስመር እሳት ነበር። ድራይዛይትል ዓመቱን በ110 ነጥብ ጨረሰ፣ የሊጉ (የሰሜን አሜሪካው ኤን ኤች ኤል) ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። በማክዴቪድ ጥላ ሥር ነው ሲሉት የነበሩ ሰዎች አፋቸውን ያዙ።

ወንድሜ ሁልጊዜ የሚያነሳብኝ 2022ን ነው። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ትንሽ ያስጨንቀኛል። ሁለቱ በጥሎ ማለፉ አብረው ተሰልፈው ጉድ አሳዩ። በ16 ጨዋታ ማክዴቪድ 33፣ ድራይዛይትል 32 ነጥብ። ካልጋሪን በ5 ጨዋታ ሲያሰናብቱ ድራይዛይትል ለብቻው 17 ነጥብ ነበረው። ግን ያኔ ድራይዛይትል ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ እያነከሰ ነው የሚጫወተው። ሴንተር እስከ ራሱ ግብ አፍ ድረስ ወርዶ መከላከል አለበት። ክንፍ ላይ ሥራው ይቀላል። ለተጎዳ ሰው የተገኘን መላ የዘወትር አሰላለፍ ማድረግ ምን ይባላል? ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ኮሎራዶ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 0 ጠራርጎ አስወጣቸው። ኮሎራዶ ናታን ማኪነንን በአንድ መስመር፣ ናዘም ካድሪን በሌላ መስመር ሴንተር አድርጎ ነበር። ዋንጫውንም የበላው እሱ ነው።

የሜዳ ባለቤት ጥቅምም አለ። ጨዋታ ቆሞ ሲጀመር መጨረሻ ተጫዋች የሚቀይረው የባለሜዳው አሰልጣኝ ነው። ኤድመንተን ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ተጋጣሚው ማን እንደገባ አይቶ ምርጥ ተከላካዮቹን ይልካል። ሁለቱ አብረው ካሉ ሥራው ቀላል ነው። ከተለያዩ ግን የትኛውን ይያዝ? አንዱን ሲያፍን ሌላው ያመልጠዋል።

ይህን የኤድመንተን ሰዎች ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባቸው። በሰማንያዎቹ ዌይን ግሬትስኪና ማርክ ሜሲየር ነበሯቸው። ግሬትስኪ ከያሪ ኩሪ ጋር፣ ሜሲየር ከግሌን አንደርሰን ጋር ነበር የሚጫወቱት። በዚያ አካሄድ በ1984፣ በ1985፣ በ1987 እና በ1988 የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ወሰዱ። በ1988 ነሐሴ ላይ ግሬትስኪ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሸጠ፣ ከተማው አለቀሰ። በ1990 ግን በሜሲየር አምበልነት አምስተኛውን አመጡ። የራሱ መስመር ያለው ሁለተኛ ንጉሥ ስለነበራቸው ነው። ፒትስበርግም በ2009፣ በ2016 እና በ2017 ዋንጫ ሲበላ ሲድኒ ክሮዝቢና ኢቭጌኒ ማልኪን በአብዛኛው የየራሳቸው መስመር ነበራቸው።

የ2025ቱ ፍጻሜ አሁንም ያንገበግበኛል። ፍሎሪዳ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 2 አሸነፈን። (‹‹አሸነፈን›› አልኩ አይደል? ይቅርታ፣ ወንድሜ ነው ያስለመደኝ።) የጎዳን በዋናነት ሦስተኛ መስመራቸው ነው። ብራድ ማርሻንድ፣ አንቶን ሉንዴልና ኤቱ ሉኦስታሪነን። ማርሻንድ በፍጻሜው ብቻ 6 ግብ አስቆጠረ። ሦስተኛ መስመር እንዲህ ከሆነ እኛ ሁለቱን ኮከቦች አንድ ላይ አሽገን የት ልንደርስ ነው?

ጅማ ላይ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልቸገርም። ጅማ አባ ጅፋር በእኛ 2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በገባበት ዓመት ዋንጫ ሲበላ የኦኪኪ አፎላቢን ግቦች እየቆጠርን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ኦኪኪ፣ ኦኪኪ ይላል። እሱ ከሄደ በኋላ ግብ ፍለጋ ምን እንዳየን የሚያውቀው ስታዲየም የተቀመጠ ነው። ፈረንጅ አራዳ ሻይ ቤት ይህን ምሳሌ ሳነሳ ሆኪ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ይስማማል።

አይለያዩ የምልበት ጊዜም አለ፣ አልክድም። ተጋጣሚ ሰው ተቀጥቶበት በአንድ ተጫዋች ብልጫ ሲጫወቱ፣ ፓወር ፕሌይ የሚባለው ማለት ነው፣ ሁለቱን መለየት እብደት ነው። በ2022-23 ኤድመንተን በፓወር ፕሌይ ከ100 ዕድል 32.4ቱን ወደ ግብ ቀይሯል። የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እየተመሩ ከሆነም አብረው ይግቡ፣ ግድ የለም። እኔ የምጣላው ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ አብረው ይሁኑ ከሚለው ጋር ነው።

ሁለተኛ ሴንተር ሆኖ አይደምቅም የሚል ካለ ደግሞ 2024-25ን ይይ። ድራይዛይትል ብዙውን ጊዜ የራሱን መስመር እየመራ፣ ከእነ ቫሲሊ ፖድኮልዚን ጋር ሆኖ፣ 52 ግብ አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። ፖድኮልዚን ግብ አዳኝ አይደለም። የሚጋፋ፣ ጥግ ገብቶ ፓኳን (የሆኪዋን ‹‹ኳስ››) አስጥሎ የሚያመጣ ልጅ ነው። ድራይዛይትል የሚፈልገው እንደዚህ ዓይነቱን ነው። ማክዴቪድም ከዛክ ሃይማን ጋር እንደዚያው ነው። ሃይማን ግብ ጠባቂው አፍንጫ ሥር ቆሞ በ2023-24 54 ግብ አግብቷል።

በመጨረሻ ትንሽ እርማት። ከጽሑፉ ጋር ባወጣችሁት ፎቶ ሥር ስሞቹ ተቀያይረዋል። 97 ቁጥር ማክዴቪድ ነው፣ 29 ደግሞ ድራይዛይትል። ወንድሜ ይህን አይቶ ‹‹እናንተ ጋ እንኳ ተለያይተው አይታወቁም›› ብሎ ስቆብኛል። እባካችሁ በሚቀጥለው አስተካክሉልኝ።

አክባሪያችሁ
ከጅማ