ስለ ጠቆሩት አምባሮች

ውድ ጓደኛዬ፣

ለመጨረሻ ጊዜ ከጻፍኩልሽ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ይሁንና ምክንያቱን ከእኔው አንደበት መስማት ይገባሻል። አንድ ዓመት ሙሉ የደከምኩበትን ጥናት በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ባቀረብኩበት ቀን፣ እጄ ላይ የደረደርኳቸው አራት ቀጫጭን የብር አምባሮች ከጠረጴዛው ጋር እየተጋጩ ይንቃጨሉ ጀመር። እጄ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን እኔ ራሴ ያወቅሁት በድምፃቸው ነው። ከዚያ በኋላ ንግግሬ ተቆራረጠ፣ የማነበውም ገጽ ጠፋኝና በግማሽ አቋርጬ ተቀመጥኩ። ቤቴ ስገባ አምባሮቹን፣ ቀለበቴንና አንቺ የሰጠሽኝን ሐብል በጎማ ላስቲክ አንድ ላይ አስሬ መሳቢያ ውስጥ ጣልኳቸው። ለአንቺ መጻፍ ያቆምኩትም ያን ሰሞን ነው፤ የምታውቂያት ደፋር ሴት እንደሌለች ልነግርሽ አፈርኩ።

ባለፈው ወር ሌላ ነገር ስፈልግ እሽጉን አገኘሁት። ሁሉም ጠቁሯል፤ ላስቲኩ የተጠመጠመበት ቦታ ደግሞ በከሰል የተሰመረ ይመስል ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ሲሆን፣ በአየር ውስጥ ያለው ጥቂቱ እንኳ በጊዜ ብዛት ይበቃዋል፤ ጎማ ደግሞ ድኝ ስላለበት ከብር ጋር አብሮ መቀመጥ የለበትም። ሱፍም እንደዚሁ ነው። በጥርስ ሳሙና ልፈትገው አስቤ ነበር፤ ግን ሳሙናው ብሩን ይጭረዋል። ስለዚህ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አሉሚኒየም ፎይል አንጥፌ፣ ጌጦቹን ፎይሉን እንዲነኩ አድርጌ ደረደርኩና ቤኪንግ ሶዳ ነስንሼ ፍል ውኃ አፈሰስኩባቸው። ወዲያው የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሽታው ከብሩ ላይ የሚለቀው ድኝ ነው፤ ጥቁሩ ነገር ከውጭ የተለጠፈ እድፍ ሳይሆን ራሱ ብሩ ከድኝ ጋር ተዋህዶ የሠራው በመሆኑ፣ አሉሚኒየሙ ድኙን ሲወስድለት ብሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። (የአንቺን ሉል ያለበትን የጆሮ ጌጥ ግን እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ እንዳትከችው፤ ይበላሻል።)

ካጸዳኋቸው በኋላ የለበስኩት አንዱን ብቻ ነው። ይህን እንደ ቁጠባ አትይብኝ። ድሮ ጌጥ ሲበዛ ግርማ የሚሰጠኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን የማስበው ሌላ ነው። ብር ከብረታ ብረት ሁሉ አብልጦ ብርሃንን ስለሚያንጸባርቅ፣ ለስላሳው አንድ ቀለበት እንኳ በጥቁር ወይም በጥልቅ ሰማያዊ ልብስ ላይ ራሱን ችሎ ይታያል። የአንቺ ሐብል 45 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከአንገቴ አጥንት ጥቂት ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ አንገቱ ክፍት በሆነ ልብስ ላይ አምሮ፣ እስከ ጉሮሮ በተቆለፈ ሸሚዝ ላይ ግን ተውጦ ይቀራል። ሸሚዝ በለበስኩ ቀን ሐብሉን ትቼ ጉትቻ ብቻ አደርጋለሁ። ወርቅና ብር አይቀላቀልም የሚሉትን አልሰማም፤ ሁለቱን በአንድ እጅ ላይ ሳደርጋቸው ደስ ይሉኛል። የሚንቃጨል ነገር ግን ሰው ፊት በምናገርበት ቀን አላደርግም፤ ይህን በደንብ ከፍዬበት ተምሬዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እዚህ ላይ ካንቺ ጋር እከራከራለሁ። ያን ጊዜ መስታወት ፊት ቆመሽ «እኔ ጎበዝ ነኝ፣ እኔ ድንቅ ነኝ» እያልሽ ደጋግሚ ብለሽኝ ነበር። ሞከርኩት፤ ባልኩት ቁጥር ውስጤ «ታዲያ ለምን ተቀመጥሽ?» እያለ ይመልስልኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳነብ ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ተረዳሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» የሚለውን ሲደጋግሙ ካልደገሙት ይልቅ ስሜታቸው ወርዶ ተገኝቷል፤ የተጠቀሙት አስቀድሞም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ናቸው፣ እነሱም ቢሆኑ በጥቂቱ። ስለዚህ ምክርሽ ለአንቺ ሠርቶ ለእኔ አለመሥራቱ አያስገርምም።

እኔን የረዳኝ ማመን የምችለውን ያህል ብቻ መናገር ነው። «ድንቅ ነኝ» ማለቱን ትቼ «ይህን ጉዳይ ከዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ አብልጠሽ ታውቂዋለሽ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ቀስ ብለሽ አንብቢ» እላለሁ። «አንቺ» ማለቴን ልብ በይ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት፣ ከንግግር በፊት ራሳቸውን በስማቸው ወይም እንደ ሌላ ሰው የሚያነጋግሩ ሰዎች በ«እኔ» ከሚያስቡት ያነሰ ይጨነቃሉ፣ የተሻለም ይናገራሉ። መጀመሪያ ላይ የሞኝ ሥራ መስሎኝ ስቄያለሁ፤ ነገር ግን «አንቺ» ሲሉት ቃሉ የምክር ድምፅ ይይዛል፣ ለጓደኛዬ የማልናገረውን ስድብም ለራሴ መናገር ይከብደኛል።

ይህን የማደርገው አምባሩን ሳጠልቅ ነው። ብር ሙቀትን ከብረታ ብረት ሁሉ አብልጦ ስለሚያስተላልፍ ጠዋት የእጄን አንጓ ሲነካ በጣም ይቀዘቅዛል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከገላዬ ሙቀት ጋር እኩል ይሆናል። ያቺን ዓረፍተ ነገር እስኪሞቅ ድረስ ደጋግሜ እላታለሁ። አምባሩ ድፍረት ይሰጠኛል አላልኩሽም፤ መናገሩን እንዳልረሳ ያስታውሰኛል።

ስለዚያ ስብሰባ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በቀደም ከተሰብሳቢዎቹ አንዷን ስለዚያ ቀን ጠየቅኋት፤ አምባሮቹን ጨርሶ አታስታውስም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ ያስለበሷቸው ተማሪዎች፣ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን እንዳወቁት ሲገምቱ፣ በእርግጥ ያወቁት ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እኔ ደግሞ ሁሉም ሰምተዋል ብዬ ሦስት ዓመት ጠፋሁ።

በመጪው ወር መጀመሪያ እንደገና አቀርባለሁ። ሐብልሽን አደርገዋለሁ፤ በላዩ በተቀረጸው አበባ ስንጥቆች ውስጥ የቀረውን ጥቁር ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፣ አበባው ያለ እሱ አይለይም። ስልክ ቁጥርሽ ያው የድሮው ከሆነ ጻፊልኝ፤ ከመግባቴ በፊት ልደውልልሽ እፈልጋለሁ።

የዘወትር ወዳጅሽ